መብራት ሲመጣ የሚመጣው

ወላይታ ሶዶ ላይ መብራት ሲሄድ ማንም አይደነግጥም። ሻማ ያለው ሻማውን ይለኩሳል፣ የሌለው ስልኩን ያበራል፣ ወሬ የያዘም ወሬውን ካቆመበት ይቀጥላል። ጉዱ ያለው ሲመጣ ነው። ከየግቢው «መጣ፣ መጣ» ይባላል፤ ሳይጠፋ የተረሳ ቴሌቪዥን ሳይጠሩት ይለፈልፋል፤ ስልክ ሊሞላ፣ ልብስ ሊተኩስ ሰው ሁሉ ወደ ሶኬት ይሯሯጣል።

ከአራዳ ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ ግቢ ውስጥ ግን መብራት ሲመጣ የሚሆነው ሌላ ነበር። አስናቀች የያዘችውን ሥራ ትታ ትነሳለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርጋለች። ሄዳ የግቢውን የቆርቆሮ በር ትከፍታለች፤ መንገዱን ሽቅብም ቁልቁልም ታያለች፤ ዘግታ ትመለሳለች። ከዚያ ሽንኩርቷን ካቆመችበት መክተፍ ትቀጥላለች። ልጇ ሚልክያስ ከተቀበረ ወራት አልፈዋል፤ ቀብሩ ላይም ነበረች።

ትልቋ ልጇ ብሩክታይት ይህን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ብሩክታይት የአንድ ትምህርት ቤት ሬጅስትራር ናት፤ የጎደለ ፋይል፣ የተሳሳተ ስም፣ ያልተመታ ማኅተም እንቅልፍ ይነሳታል። የተበላሸ ነገር ካየች ሳታስተካክል አታልፍም። ይሄ ጠባይዋ በቢሮው ሲያስመሰግናት ኖሯል። ቤቷ ውስጥ ግን የማይሽር ነገር አሠርቷታል።

አስናቀች ስትወለድ ደኅና ጆሮ ነበራት። ብሩክታይት ገና ድክ ድክ በምትልበት ጊዜ ማጅራት ገትር አልጋ ላይ ጣላት፤ ስትድን መስማቷ ከሕመሙ ጋር አብሮ ሄዶ ቀረ። ሚልክያስ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የሴት ልጇን የሕፃንነት ድምፅ ታስታውሳለች፤ የወንድ ልጇን ድምፅ ግን አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም። ሲያለቅስ አፉን እያየች ነው ያሳደገችው። መናገር ትችላለች፤ ነገር ግን የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው መጮኋንም ማንሾካሾኳንም አታውቅም። የሰፈር ልጆች አንድ ቀን ሲስቁባት አይታ፣ ከዚያ ወዲህ ከቤተሰብ ፊት ካልሆነ አፏን አትከፍትም። ቤት ውስጥ የሚወራው በእጅ ነበር፤ ወላይትኛም አማርኛም ያልሆነ፣ እናትና ሁለት ልጆች ብቻ የሚያውቁት ቋንቋ። አባትየው ልጆቹ ሳያድጉ አርፏል።

ትልቁ ችግር በሩ ነበር። ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ የቤቱ ባለቤት አትሰማም። ልጆቹ በሌሉበት የመጣ እንግዳ አንኳኩቶ አንኳኩቶ ይሄዳል። አንድ ክረምት የአባታቸው ወንድም ጋሽ ቦጋለ ለወንድሙ ቤት ቅቤና ቆጮ ይዞ ከቦምቤ ድረስ መጣ። ዝናቡ ይወርዳል። ጎረቤት «ግፋበት፣ ውስጥ አለች» ይለዋል፤ እሱ ይደበድባል፤ እሷ ጓዳ ሆና ቦሎቄ ትለቅማለች። ዘመድ ከወንድሙ ደጃፍ ዝናብ ጠጥቶ ተመለሰ ማለት በወላይታ ቀላል ነገር አይደለም። ጋሽ ቦጋለ እንደማትሰማ ያውቃል፤ ማወቁ ግን ቅያሜውን አላስቀረለትም። ቅቤውን እንደያዘ ተመለሰ፤ ሽማግሌ ተልኮ ነው የታረቀው። አስናቀች ባላጠፋችው ጥፋት አንገቷን ደፍታ ከረመች።

ሚልክያስ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኤሌክትሪካል ያጠና ነበር። የእናቱን አንገት አየና አንድ ነገር በልቡ ያዘ። አንዋር የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ ቤተሰቦቹ ከስልጤ የመጡ፣ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግንበትና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ያለው ልጅ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ሁለቱ በካውያና በስታኞ ጭስ ዓይናቸው እስኪቀላ ሱቁ ውስጥ ሲበይዱ ሰነበቱና አንድ ቅዳሜ ረዘም ያለች የጣውላ ሳጥን ይዘው መጡ። ፊቷ ከነጭ ጄሪካን የተቆረጠ ነው። ከነጩ ስር ስምንት ትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ከጓዳ ሆኖ በሚታይበት ቦታ፣ ሳሎኑ ውስጥ ካለው አግዳሚ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰቀሏት። ሽቦ እስከ ግቢው በር ዘረጉና እዚያ አራት የደወል ቁልፎች ተከሉ።

«ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ላይ ስምንት ሰው ተቀምጧል እንበል» አለ ሚልክያስ ለእህቱ፣ ለእናቱም በእጁ እያሳየ። «ይቺ ትንሽ ቺፕ ማይክሮኮንትሮለር ናት። አስተናጋጇ በያት። ለስምንቱም ለየብቻ ሽቦ ልዘርጋ ብትል እግሯ አይበቃም። ስለዚህ ከዳር በኩል ብቻ ታስገባለች። አንዱ ይገባና ‹ጠጋ በሉ› ይላል፤ ሁሉም አንድ አንድ ቦታ ይጠጋሉ። ሌላው ይገባል፤ አሁንም ይጠጋሉ። አግዳሚው ደግሞ ይሄኛው ነው፤ ሺፍት ሬጅስተር ይባላል። ሦስት ሽቦ ይበቃዋል። አንዱ ‹ብራ› ወይም ‹ጥፋ› ይላል፣ አንዱ ‹ጠጋ በሉ› ይላል፣ ሦስተኛው ‹በሉ አሁን ታዩ› ይላል።»

«ከወዲያ ጫፍ የተቀመጠውስ ሰውዬ?» አለች ብሩክታይት። «ወዴት ይጠጋል?»

«እሱማ ይወጣል» አለ ሚልክያስ። «ቦታ አለቀበት።»

ከዚያ ቁልፎቹን አሳያቸው። የብሩክታይት ቁልፍ ሲነካ ስምንቱም ባንድ ጊዜ ቦግ፣ ጥፍት ይላሉ። «አንቺ ስትመጪ ቤቱ በሙሉ ስለሚደነግጥ ነው» አላት። የጎረቤት ቁልፍ ሲነካ መብራቶቹ በየተራ እየዘለሉ ይበራሉ። የእንግዳ ቁልፍ ሲነካ አንድ በአንድ እየሞሉ ሄደው አግዳሚው ሙሉ ይሆናል፤ ካልተከፈተለትም እንደገና ይሞላሉ፤ ያቺ ለጋሽ ቦጋለ የተሠራች ናት። የራሱን መጨረሻ ላይ ነካ። አንድ መብራት ከግራው ጫፍ፣ አንድ መብራት ከቀኙ ጫፍ ተነሱ። ወደ መሃል ተጓዙ። መሃል ላይ ጎን ለጎን ቆሙና ትንሽ ቆይተው ጠፉ።

«በዚህ በግራ፣ ከበሩ በኩል የሚመጣው እኔ ነኝ» አለ በእጁ። «በዚያ ከጓዳ የምትመጣው አንቺ ነሽ።»

አስናቀች አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እንደገና እንዲያሳያት ጠየቀችው፤ አሳያት። እንደገና ጠየቀችው። ያን ቀን እያየች የሳቀችውን ሳቅ ብሩክታይት መቼም አትረሳውም።

ጋሽ ቦጋለ ቀጥሎ ሲመጣ ቁልፏን አንዴ ነካ አደረገ፤ በሩ ተከፈተ። ሰውዬው ሲደነቅ ውሎ አደረ። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ «የወንድሜ ሚስት ጆሮ አወጣ» እያለ ቦምቤ ድረስ አወራ።

ሚልክያስ ተመረቀና ሥራ ያዘ። ከቤሌ እየተነሳ በየገጠሩ ሶላር የሚተክል ድርጅት ነው የቀጠረው። ከመሄዱ በፊት ላፕቶፑን ከሳጥኗ ጋር አገናኝቶ አንድ ነገር ጨመረበት፤ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሳጥኗ ስትነቃ መጀመሪያ የእሱን መብራት አሳይታ ነው ሥራዋን የምትጀምረው። «መብራት በመጣ ቁጥር ሰላም ብዬሻለሁ ማለት ነው» አላት እናቱን። ከዚያ ወዲህ መብራት በመጣ ቁጥር አስናቀች ቀና ብላ ለግድግዳው እጇን ታነሳለች። ብሩክታይት መጀመሪያ ሳቀችባት፤ ኋላ ሳታውቀው እሷም እጇን ማንሳት ጀመረች።

መጋቢት ላይ ከቤሌ የተነሳ ሚኒባስ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ሚልክያስ ወደ ቤቱ እየመጣ ነበር። ቦርሳውና ላፕቶፑ እንዳልነበሩ ሆነው ተገኙ፤ እሱም።

ለቅሶውን መተረክ አይቻልም። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲጮህ አስናቀች ዝምታ ውስጥ ተቀምጣ የሰውን አፍ ታያለች። ልጇን እንዲያ ነበር ያሳደገችው፤ እንደዚያው ቀበረችው። አንዋር ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጠ። ለቀስተኛው አልቆ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ በሩ ተዘግቶ እናትና ልጅ ብቻቸውን በቀሩ ጊዜ መብራት ሄደ። ከሰዓት በኋላ መጣ።

ብሩክታይት ረስታው ነበር። ከግራው ጫፍ አንድ፣ ከቀኙ ጫፍ አንድ ተነሱ። እናቷ ተነሳች፣ ነጠላዋን ጣል አደረገች፣ ወደ በሩ ሄደች።

መጀመሪያ ብሩክታይት ሐዘን ነው ብላ ዝም አለች። ሚያዝያም አለፈ፤ ግንቦትም። አስናቀች ትበላለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ከሰው ትገናኛለች፤ መብራት ሲመጣ ግን አንድም ጊዜ ሳትነሳ አትቀርም። ጎረቤት በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ እያየ «አእምሮዋ ተነክቷል» ማለት ጀመረ። ሐምሌ ላይ ግቢው ሲጨቀይ ደረጃው አዳልጧት ወደቀች፤ ጉልበቷ አበጠ። በማግስቱ መብራት ሲመጣ እያነከሰች ሄደች።

ጋሽ ቦጋለ ሊጠይቃት መጥቶ አየ። ብሩክታይትን ወደ ጓሮ ጠራት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ከግድግዳ ይውረድ» አላት። «እናትሽ በቁሙ እየሞተ ነው።»

አማርኛው ጎደሎ ነበር፤ ሐዘኑ ግን ልክ ነበር። ብሩክታይት አሰበችበት። ሳጥኗ ብትወርድ እናቷ እንደ ድሮው በር ሲደበደብ የማትሰማ ሴት ልትሆን ነው። ሳጥኗ ትኑር፤ የሚልክያስ መብራት ብቻ ይውጣ። ነገሩ እንዲህ ሲታሰብ የአንድ ፋይል ማስተካከል ያህል ቀለላት። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ፣ ለእናቷ ጉልበት ብቻ አልነበረም ያሰበችው። ሁለቱ መብራቶች ሲነሱ ማየት እሷ ራሷ አልቻለችም። ወንድሟ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚሞትባት ለማንም አልተናገረችም።

አንድ ረቡዕ እናቷ ለሴቶች ጸሎት በሄደችበት ሰዓት አንዋርን አስጠራችው። ላፕቶፑን ይዞ መጣ፤ የምትለውን ሲሰማ ግን ሽቦውን በእጁ ይዞ ቆመ።

«እህቴ፣ እማማን ጠየቅሻቸው?»

«ጠይቄ እሺ የምትል ይመስልሃል?»

«እንደዚያ ከሆነማ...»

«አንዋር፣ ስትወድቅ አላየሃትም። እኔ ነኝ ያነሳኋት። ሳትመጣ ጨርስልኝ።»

ሳጥኗን የሚያዝዘው የሚልክያስ ጽሑፍ ከላፕቶፑ ጋር ጠፍቷል። ስለዚህ አንዋር ከሚልክያስ በተማረው መጠን ለሦስቱ ቁልፎች አዲስ ጻፈ፤ የእሷን፣ የጎረቤትን፣ የእንግዳን። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያት። ተወው በሚል ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሽቦውን ሰካና ላፕቶፑ ላይ አንድ ቁልፍ ነካ። አዲሱ በአሮጌው ላይ ተጻፈ። አስናቀች ስትመለስ ቤቱ እንደነበረ ነበር፤ አንዋርም የራሱን ጉልበት በእጁ ነክቶ «እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቋት ዓይኗን ሳያይ ወጣ።

በማግስቱ ወደ ማታ መብራት መጣ። አስናቀች አግዳሚው ላይ ነበረች፤ ግማሽ ድረስ ተነሳች። ሳጥኗ ነጭ እንደሆነች ቀረች። አስናቀች እንደዚያው ትንሽ ቆየችና ተመልሳ ተቀመጠች። ብሩክታይት ጓዳ ሆና «ተመስገን» አለች።

ቅዳሜ መብራት ሄዶ ሲመጣም ሳጥኗ ዝም አለች። ይኼኔ አስናቀች እያነከሰች ወደ ግድግዳው ሄደች። ትኩሳት እንደሚለካ ሰው መዳፏን ሳጥኗ ላይ አሳረፈች። ዞራ ልጇን አየቻት። ጣቷን አገጯ ላይ አደረገች፤ ይህ በቤቱ ቋንቋ ሚልክያስ ማለት ነው፤ አገጩ ስርጉድ ነበር። ከዚያ በእጇ ጠየቀች።

«ማነው አትምጣ ያለው?»

ብሩክታይት መዋሸት ትችል ነበር። ተበላሽቷል ማለት ትችል ነበር። ግን የእናቷ ዓይን ፊቷ ላይ ነበረና እውነቱን በእጇ ነገረቻት፤ እኔ ነኝ፤ ለጉልበትሽ ብዬ ነው፤ ሰው አእምሮዋ ተነካ አለሽ፤ እሱ ሞቷል፣ እማዬ፤ አይመጣም።

አስናቀች እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከለቅሶው ወዲህ ወጥቶ የማያውቅ ድምፅዋ ወጣ፤ በወላይትኛ፣ ከፍ ብሎ፣ ያለ ዜማ።

«እንደሞተ አውቃለሁ። አፈር ሲለብስ ከአንቺ ይልቅ እኔ ነበርኩ ቅርብ የቆምኩት። ምን መስሎሽ ነው? መጨረሻ የመጣ ጊዜ፣ ያን ጥር፣ መብራት መጣ። እንደ ልማዱ ሰላም እያለኝ ነው ብዬ እጄን አነሳሁለትና ቁጭ አልኩ። አሁንም በራ፤ አሁንም እጄን አነሳሁ። ለካስ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን የሚጫነው እሱ ነበር። በአጥር ዘሎ ገባ። ‹እኔንም እንደ ጋሽ ቦጋለ?› ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከእንግዲህ መብራትህን አይቼ ሳልነሳ አልቀርም አልኩት። እጁን ይዤ ማልኩለት። ቃሌን ነበር የምጠብቀው። እሱ ባይመጣም እኔ እነሳለሁ። ይህ ለማን ከበደ?»

አስናቀች ያን ቀን አላለቀሰችም። ማልቀስ የጀመረችው በነጋታው ነው፤ ሰው በተቀበረ በሰልስቱ እንደሚለቀሰው፣ አንጀት በሚቆርጥ ድምፅ። ጎረቤት እየሮጠ መጣ፤ አዲስ ሞት የመጣ መስሎት ከድንጋጤው የራሱን ትቶ በሩ ላይ ያለውን የእንግዳ ቁልፍ ተጫነ። መብራቶቹ እየሞሉ፣ እየጠፉ፣ እየሞሉ ቆዩ፤ የሚነሳ አልነበረም።

ብሩክታይት ሰኞ ቢሮ ሳትገባ አንዋር ሱቅ ሄደች። «መልሰው» አለችው ገና ከደጁ።

አንዋር የያዘውን ስልክ አስቀመጠ። ዓይኑ ደፈረሰ። «እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም» አላት። መሳቢያውን ከፍቶ በትንሽ ላስቲክ ውስጥ ያሉ ቺፖችን አሳያት። «ይኸው። ይሄው ዓይነት ቺፕ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። አዲሱን በአዲስ ላይ ጽፌ የሱን ነቅዬ ባስቀምጠው ኖሮ ዛሬ መልሶ መሰካት ብቻ ነበር። ካልሆነም ከማጥፋቴ በፊት በላዩ ያለውን መቅዳት ይቻል ነበር። ቸኮልኩ። እማማ ሳይመጡ ብለሽ ቸኮልኩ። የሚልክያስን እጅ በገዛ እጄ አጠፋሁት።»

ሁለቱም ሱቁ ውስጥ ቆመው አለቀሱ። የቻርጀር ገመድ ሊገዛ የገባ ሰውዬ አይቷቸው ሳይገዛ ወጣ።

ከዚያ አንዋር የሚያስታውሰውን ያህል መጻፍ ጀመረ። አይተውት ያውቃሉ፤ ስንት ጊዜ አይተውታል፤ ምን ያስቸግራል ተባለ። የመጀመሪያውን ይዞ መጣ። ሁለቱ መብራቶች ከጫፍና ከጫፍ ተነሱ፣ መሃል ተገናኙ፣ ወደየጫፋቸው ተመለሱ። አስናቀች አግዳሚው ላይ ሆና አየች። «ይሄ ሌላ ሰው ነው» አለች በእጇ። ብሩክታይትም ትዝ አላት፤ አይመለሱም ነበር፤ መሃል ላይ ነበር የሚቆሙት። በሳምንቱ ሁለተኛውን አመጣ። ተገናኙ፣ ጎን ለጎን ቆሙ፣ ጠፉ። ብሩክታይት ልቧ ዘለለ፤ ይሄው ነው፤ እሱው ነው። አስናቀች ግን አንገቷን ነቀነቀች።

«ይመስላል። አይደለም።»

ፈጥኗል ተብሎ ተዘገየ። ዘግይቷል ተብሎ ተፋጠነ። ነሐሴ እንዲህ አለቀ። አንዋር ሱቁን ለወንድሙ እየተወ ይመጣል፤ ይጽፋል፤ ያሳያል፤ አስናቀች አንገቷን ትነቀንቃለች። ቁጣ የላትም። እንዲያውም ያሳዝናት ጀመር፤ ላፕቶፑን ሲዘጋ እጁን መታ መታ ታደርገዋለች።

መጨረሻ ላይ አንዋር ጠረጴዛውን ወደ አግዳሚው አስጠጋና ወደ ብሩክታይት ዞሮ «እሳቸው ያሳዩኝ በያቸው» አለ።

አስናቀች ትንሽ አሰበች። ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ አውራ ጣቶቿን ወደ ውስጥ አጠፈች። ስምንት ጣት ቀረ። ከጫፍ የግራ እጇ ትንሽ ጣት ጠረጴዛውን ነካች። የቀኝ እጇ ትንሽ ጣትም ነካች። ከዚያ የግራ እጇ ጣቶች ተራ በተራ፣ ቶሎ ቶሎ፣ እየተጣደፉ ሄደው ሌባ ጣቷ መሃል ላይ ቆመች። የቀኝ እጇ ጣቶች ገና ሁለተኛው ላይ ነበሩ። ዝግ ብለው መጡ። የግራዋ ሌባ ጣት ቆማ ጠበቀች። የቀኟ ስትደርስ አብረው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ሁለቱም ተነሱ።

«አንዱ ይቀድማል» አለ አንዋር። «በበሩ በኩል ያለው ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃል። እኔ አብሬው ስበይድ የነበርኩት ሰውዬ ይህን አላየሁም።»

ብሩክታይትም አላየችም። ያን ያህል ጊዜ እጇን ስታነሳለት፣ ወንድሟ መሃል ላይ ቆሞ እናቱን እንደሚጠብቅ አንድም ቀን ልብ አላለችም። ሳጥኗ የተሠራችው ለእናቱ ነበርና ያየችውም እናቱ ብቻ ናት። ብሩክታይት ይህን ያወቀችው ካጠፋችው በኋላ ነው።

አንዋር የእጇን አካሄድ በስልኩ ቀረጸ፤ ሱቁ ሄዶ እያየ ጻፈ። መስከረም ገብቶ ጊፋታ ደርሶ ነበር። በዓሉ እሑድ ሊውል ቅዳሜ ነው ይዞት የመጣው። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከሻሸመኔም ከአዋሳም ከአዲስ አበባም የሄደ ሁሉ ወደ ቤቱ የሚመለስበት፤ የተጣላ የሚታረቅበት። ጋሽ ቦጋለም ከቦምቤ መጥቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። አንዋር ቺፑን ሰክቶ ጨረሰና ሁሉም ቁጭ ብለው ጠበቁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከየግቢው «መጣ» ተባለ።

ከግራው ጫፍ አንድ፣ ከቀኙ ጫፍ አንድ ተነሱ። የግራው እየተጣደፈ ሄዶ መሃል ላይ ቆመ። የቀኙ ዝግ ብሎ መጣ። ጠበቀው። ደረሰ። ጎን ለጎን ቆዩ፤ ጠፉ። ምንም የቀረ ነገር አልነበረም። ሚልክያስ ነበር። ብሩክታይት ወደ እናቷ ዞረች።

አስናቀች አልተነሳችም። ነጠላዋን አልነካችም። ሳጥኗን አይታ አይታ ጭኗ ላይ ያሉ እጆቿን አየች፤ ገልብጣ አየቻቸው።

«ልክ ነው» አለች በድምፅዋ፣ ጋሽ ቦጋለና አንዋር ባሉበት። «እንደዚያ ነበር። ግን ይሄ የኔ ጣት ነው። እኔ ነኝ የነገርኳችሁ። እሱ አልላከውም። ራሴን ልቀበል በር ልከፍት አልሄድም።»

አንዋር እቃውን መሰብሰብ ጀመረ፤ አንድ ሽቦ ሁለት ጊዜ ወደቀበት። አስናቀች አስቆመችው፤ ነገ በዓል ነው፣ መጥተህ ከኛ ጋር ዋል፣ የሚስማማህን እሠራልሃለሁ አለችው በእጇ፣ ብሩክታይት እየተረጎመችለት። እሺ አላት። ጋሽ ቦጋለ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ይውረድ ያለው እሱ ነበር፤ ማንም አላስታወሰውም፤ እሱ ግን አልረሳውም።

አንዋር ከሄደ በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ መብራት እንደገና ሄደ። ብዙም ሳይቆይ መጣ። ሁለቱ መብራቶች ተነሱ። ብሩክታይት ጓዳ ሆና ለበዓሉ የቀይ ቃሪያ ዳጣ ትፈጭ ነበር። እጇን ሳትታጠብ ወጣች፤ ሳሎኑን አለፈች፤ ምን እንደምታደርግ ያወቀችው የቆርቆሮው በር መቀርቀሪያ እጇ ላይ ሲቀዘቅዛት ነው። ከፈተችው።

መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሻንጣ የሚጎትት፣ ሥጋ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ የያዘ፣ ልጅ ያዘለ፣ ገና ከመኪና ወርዶ አቧራውን ያላራገፈ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ሽቅብ አየች፤ ቁልቁል አየች። እሱ ብቻ አልነበረም። በሩን ይዛ ቆማ አለቀሰች፤ የሚያልፍ ሰው «እንኳን አደረሰሽ» ይላታል፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ትለዋለች፣ ታለቅሳለች።

ዘግታ ገባች። እናቷ አግዳሚው ላይ፣ ከሳጥኗ ፊት ለፊት ነበረች። የልጇን እጅ በዳጣ እንደቀላ አየችው፤ ዓይኗን አየችው፤ ከየት እንደመጣች አልጠየቀችም። ወደ ጋሽ ቦጋለ ጠጋ አለችና ቦታ ለቀቀችላት።